ዕድሜን ስለ መመዘንና ጤናን ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ሽበት ሲያወጣ የቀረውን ዘመን መቍጠር ይጀምራል። አንዱ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረውን 70 እና 80 ዓመት አስቦ ዕድሜዬ አለቀ ይላል። ሌላውም በኢትዮጵያ የሰው ዕድሜ አማካዩ 67 ዓመት ገደማ ነው ሲባል ሰምቶ፥ 65 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ሁለት ዓመት ብቻ የቀረው ይመስለዋል።

ነገር ግን ቍጥሩ ሰም ነው፤ ወርቁን መፈለግ ይገባል። ከሁለት ወንድማማች አንዱ በተወለደ በሳምንቱ፥ ሁለተኛው በ80 ዓመቱ ቢሞት፥ አማካዩ 40 ይሆናል፤ በ40 ዓመቱ የሞተ ግን የለም። የአገርም አማካይ በሕፃንነታቸው የሚሞቱትን ሁሉ ጨምሮ የተቈጠረ ነው። ያን ሁሉ አደጋ አልፎ 60 ዓመት የደረሰ ሰው በአማካይ ገና ከ15 ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለው። እንግዲህ 15 ዓመት የሚኖርበት ቤት ጣራው ሲያፈስ ዝም የሚል ማን ነው?

ከሚያፈሰውም አንዱ የደም ግፊት ነው። 140 በ90 ደርሶ ወይም አልፎ ቢሰነብት፥ ሕመም ሳያሰማ ብዙ ዓመት ተሸሽጎ ይቈይና አንጎልን፥ ልብንና ኵላሊትን ይመታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ይህ ደዌ ካለባቸው ሰዎች እኩሌታ የሚያህሉት እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ ሳያምም መለካት ይገባል።

መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል የሚመስለው ቢኖር ንጉሥ ሕዝቅያስን ያስብ። 15 ዓመት በተጨመረለት ጊዜ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩ አዘዘ፤ ዕድሜውን የሰጠ እግዚአብሔር መድኃኒቱን አልናቀም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የሐኪም መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ ተናግረዋል። ደግሞም የስኳር ሕመምተኛ እህል ሳይቀምስ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ቢወስድ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላልና፥ ከጾም በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ የጾምን ቀንበር አታከብድም።

ይሁን እንጂ ሕክምና ሁሉ ለሽማግሌ ሁሉ አይስማማም። ጥቅሙ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣ፥ ሥቃዩ ግን ዛሬ የሚጀምር ቢላዋ ቢቀርብለት፥ «ምን ይጠቅመኛል? መቼ? ብተወውስ ምን ያገኘኛል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ልጆቹም መልሱን አብረው ይስሙ። እንዲህ መዝኖ እንቢ ያለ ተስፋ ቈርጧል አይባልም፤ እሺ ያለም ሞትን ፈርቷል አይባልም።

የዕለቱ ቍጥር በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ጥበቃው ግን ለሰው የተሰጠ አደራ ነው።