የቤት ሒሳብና የጡረታ ዕቅድ
ለሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር



የሌላውን ሒሳብ ስንመረምር የምንኖር ሰዎች የገዛ ቤታችንን ሒሳብ አለማወቃችን የሚያሳፍር ነው። እኔና ባለቤቴ ከ60 ዓመቱ የጡረታ ዕድሜ አስቀድመን ከሥራ ለመሰናበት በተስማማን ጊዜ በመጀመሪያ የገዛነው የወጪ መዝገብ ነበር።

ስሌቱ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ቤንገን በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአክሲዮንና በቦንድ ከተቀመጠ ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ፣ ከዚያም በዋጋ ንረት ልክ እየተጨመረ ቢወጣ፣ ገንዘቡ ባለፉት የገበያ ዘመናት ሁሉ ቢያንስ 30 ዓመት ይበቃ እንደ ነበር አሳየ። ይኸውም የዓመት ወጪን 25 እጥፍ ማከማቸት ማለት ነው። ስለዚህ ከወር ወጪው 1,000 ብር የቀነሰ ሰው 300,000 ብር ከማጠራቀም ይድናል። ነገር ግን ስሌቱ የተሠራው በአሜሪካ ገበያ ነው፤ የባንክ ወለድ ከዋጋ ንረት በሚያንስበት አገር እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

በዓመቱ መጨረሻ ትልቁ ወጪያችን «ልዩ ልዩ» የተባለው ሆኖ ተገኘ። ዘርዝረን ብናየው ለእናቴ የምልከው፣ ዕድሩ፣ ሠርጉና ለቅሶው ነው። እኔ ልቀንሰው ብዕሬን ሳነሣ ባለቤቴ፣ «ይህን ቆርጠህ ጡረታ ብትወጣ ማን ሊጠይቅህ ይመጣል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ስለሆነም እያንዳንዱን ወጪ በየስሙ መዘገብን፤ የመሰናበቻውንም ጊዜ በ3 ዓመት አራዘምነው። እንግዲህ ባልደረቦቼ፣ የቤታችሁን መዝገብ ከትዳር ጓደኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መርምሩ፤ ምርመራውንም ከ«ልዩ ልዩ» ጀምሩ።