የአባታችን ብስክሌት



ኢትዮጵያ በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ውድድር ሳይሆን በባሕር ዳር ስላለች አንዲት አሮጌ ብስክሌት ነው።

ብስክሌቷን የገዙ አያታችን ናቸው። አባታችን በእርስዋ መንዳት ተማሩ፤ እኛንም ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ አስተማሩን። ባለፈው ዓመት እርሳቸው ሲያርፉ ለቀስተኛው ሁሉ አጽናናን። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን ቤቱ ጭር አለ። እናታችንም ለተዝካሩ መደገሻ ብስክሌቷ ትሸጥ አሉ።

ሳትሸጥ አንድ ጊዜ እንንዳት ብለን ካቴናዋን ዘይት ቀብተን ወደ ጣና ዳር ወጣን። ብስክሌት ከቆመች ትወድቃለችና ሐዘንተኛም ቢሆን ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሣ አይችልም። በዚያች ሌሊት ከራቀን የሰነበተው እንቅልፍ መጣልን። እናታችን ይህን አይተው «ተዝካሩ በዳቦና በጠላ ይበቃል» አሉ። ዘንድሮ ታናሽ እኅታችን ስትማር ኮርቻውን ይዘን የምንሮጥ እኛ ነን።

ለቅሶን አንነቅፍም፤ የአባቶች ሥርዓት ነው። የምናስበው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሐዘን የደረሰበትን ጓደኛችንን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለን ብቻ አንለየው፤ ይዘነው ወደ መንገድ እንውጣ።