መኪናዋ ጠፍታ ማራገቢያው ለምን ይሽከረከራል?

(ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መኪና ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ማዳበሪያው የሚመጣልን በመኪና ነው። በሽተኛ ሲጠናበት የሚሄደውም በመኪና ነው። ባለፈው ሐምሌ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ነገር የእኔም ጥፋት አለበትና ከእሱ ልጀምር።

ማዳበሪያ ጭና የመጣች ፒክአፕ ወደ ማታ ገደማ ከሜዳው ዳር ቆመች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቀለ፤ ራቱን ሊበላ ሄደ። መኪናዋን ከበው የነበሩ ልጆች እየሮጡ መጡና፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ጠፍታ ታጉረመርማለች!» አሉኝ። እኔም የተማርኩ ነኝ ብዬ፣ «ሞተሩ ስለጋለ ነው፤ ሲበርድ ራሱ ያቆማል» አልኳቸው። ሄጄ እንኳ አላየሁም።

ሌሊት አንዲት እናት ምጥ ያዛት። ሾፌሩ ተቀሰቀሰ። ቁልፉን ቢያዞረው «ጠቅ» ብቻ አለ። ባትሪው ሞቷል። ገፍተን ልናስነሣት ሞከርን፤ ጭቃው አልፈቀደም። በቃሬዛ ተሸክመን በዝናብ ሄድን፤ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጎህ ቀደደ። እናትየዋም ሕፃኑም ደኅና ናቸው። ግን በመንገድ ላይ የነበረውን ፍርሃት የተሸከመ ሰው ያውቀዋል።

በማግስቱ ከዚሁ ክፍል የሚማሩ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ምጣድ እንኳ እሳቱ ከወጣ ጥቂት ቆይቶ ይቀዘቅዛል። ያ ነገር ሌሊቱን ሁሉ ሲያጉረመርም ምን ያሞቀዋል ብለህ ነው?» መልስ አልነበረኝም። እኔ ያልኩት ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹን የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጡ ነዳጅ ስለሚቃጠል ይግላል። እንዳይጎዳ ውኃ በውስጡ ይዘዋወራል። ውኃው ሙቀቱን ተሸክሞ ከመኪናዋ ፊት ወዳለው ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ በነፋስ ይበርድና ይመለሳል። መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ከፊት ይመጣል። ስትቆም ወይም ዳገት ስትወጣ ግን ነፋሱ አይበቃም። ስለዚህ ማራገቢያ ተሠራላት፤ ሾፌሮች ፋን ይሉታል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ማራገቢያውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ በቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ እሱም ይቆማል። በሌሎች ግን የሚያዞረው የባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህኛው ነው።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የወጣች መኪና ከላይ ደርሳ ብትቆም ሞተሯ እንደ ምጣድ ግሏል። ሞተሩ ሲጠፋ ውኃው መዘዋወሩን ያቆማል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ቆመው ውኃ ይገባል። ስለዚህ ውኃው ከጠፋ በኋላ ጥቂት ይብስበታል። በአንዳንድ መኪኖች ማራገቢያው ይህን ለማብረድ ቁልፉ ተነቅሎም ጥቂት ደቂቃ ይዞራል። ይህ ጤና ነው። (ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ዳርቻ ነው፤ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ጠብቆ የሚዘጋው አንዱም ለዚህ ነው።)

ጤናውን ከበሽታው በምን እንለየው? በጊዜና በሙቀት። ሩብ ሰዓት አልፎም ካላቆመ ተጠራጠሩ። ሌሊት አድሮ ሞተሩ በርዶ ሳለ የሚዞር ከሆነ ግን ጥርጥር የለውም፤ ተበላሽቷል።

ጉዳቱን በሒሳብ እንየው። ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ አለ እንበል። ማራገቢያው በየሰዓቱ 15 ቢበላ፣ 60 ለ15 ሲካፈል 4 ነው። በ4 ሰዓት ጎተራው ባዶ ይሆናል። ሞተር ማስነሣት ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ደግሞ ከዚያም በፊት አልነሣም ትላለች። ሾፌሩ ከራት እስከ እኩለ ሌሊት ተኝቶ ነበር፤ ሒሳቡ ይበቃል።

ከከተማ የመጣው ሜካኒክ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ባትሪውን አስሞልቶ ገና ሲያስር፣ ቁልፍ ሳይገባ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ከዚያ የውኃውን ሙቀት ለክታ ማራገቢያውን ከምታዝዘው መለኪያ ላይ ሽቦውን ነቀለ። አሁንም ይዞራል። ስለዚህ ጥፋቱ የመለኪያዋ አይደለም። ቀጥሎ ከፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ የክብሪት ሣጥን የምታክል ጥቁር ዕቃ መዘዘ፤ ሪሌ ትባላለች። ማራገቢያው ቀጥ አለ! ሪሌ የኤሌክትሪክ በር ናት፤ ስትታዘዝ ትከፍታለች፣ ስትታዘዝ ትዘጋለች። ሰብሮ ሲያሳየን በውስጧ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ቀልጠው ተጣብቀዋል። በሩ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። በአዲስ ተካት። ባትሪውን ፈትቶም ማራገቢያውን በእጁ አዞረው፤ ጠጠር ያለ ማራገቢያ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አዲሷንም ያቃጥላታልና።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን የመለኪያውን ሽቦ መንቀል ያሳስታል። አንዳንዶቹ መለኪያ ሲጠፋባቸው ለጥንቃቄ ማራገቢያውን ራሳቸው ያስነሣሉ።

ሜካኒክ በሌለበት ሌሊቱን ለማሳለፍ ሾፌሩ የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ይፍታ፤ ጠዋት ይሰረው። ይህ ጊዜያዊ ነው። «ማራገቢያው አስቸገረኝ» ብሎ ሽቦውን ቆርጦ መንዳት ግን ሞተሩን ማቃጠል ነው፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ወጪው ከሪሌዋ ጋር አይወዳደርም። ልጆችም እጃቸውን ወደ ማራገቢያው አያስጠጉ፤ ቆሞ ሳለ ድንገት ይነሣል። የጋለ ራዲያተር ክዳንም ማንም አይክፈት፤ የሚፈላው ውኃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

የፒክአፕዋ ሾፌር ዛሬ ከኋላ ተቀምጧል። የተቃጠለችውን ሪሌ ይዞ መጥቷል፤ ተቀባብላችሁ እዩዋት። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከምጣዱ እናት እንጀምር።