ስለ ብስክሌት ቁምጣ አመራረጥና አያያዝ
በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። «ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ የታክሲ ወጪ ኪስ በሚያራቁትበት ጊዜ ስለ ቁምጣ ይወራል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከሁለቱም ጋር የተያያዘ መሆኑን እንደ ቅደም ተከተሉ እናየዋለን።

እንደምታውቁት በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባ አንዳንድ መንገዶች እሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት መከፈት ጀመሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሥራ በበርካታ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ብስክሌት እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ላሉ ከተሞች እንግዳ አይደለም፤ ለእኛ ሰፈር ግን ገና ነው። በዚህ ምክንያት ከሰፈራችን ሰዎች ብዙዎቹ ብስክሌት ገዙ። ታዲያ ከነዚህ ብስክሌቶች ስንቱ ዛሬ በየግቢው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል? ባለቤቶቹን ብትጠይቋቸው «እግሬ ደከመ» የሚል ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብሽሽቴ ተላጠ፣ መቀመጫዬ ተቃጠለ» ነው የሚለው። ስለ ነውር እየተባለ የማይነገር ነገር ስለሆነ መድኃኒቱም ሳይነገር ይቀራል። ዛሬ እንነጋገርበት።

በመሠረቱ የብስክሌት ቁምጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውስጡ ስፖንጅ የተሰፋበትና ከገላ ጋር የሚጣበቀው ነው። ይህ ያለ ውስጥ ሱሪ የሚለበስ፣ ብዙ ሰዓት ለሚነዱ ስፖርተኞች የተሠራ ነው። በድሮ ጊዜ በስፖንጁ ፋንታ ለስላሳ ቆዳ ይሰፋበት ነበር። ሁለተኛው ስፖንጅ የሌለው፣ ሲያዩት ተራ ቁምጣ የሚመስል፣ አቆራረጡ ግን ለብስክሌት እንዲመች የታሰበበት ነው። ለሥራ፣ ለገበያ ወይም እሑድ ለመናፈስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይኸኛው ይበቃዋል። ለአጭር መንገድ ብሎ በውድ ዋጋ ባለ ስፖንጁን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ደግሞም ስፖንጁ ላብ ስለሚይዝ በተነዳበት ቁጥር መታጠብ አለበት፤ ቶሎም አይደርቅም። ስፖንጅ የሌለውን ግን በውስጥ ሱሪ ላይ ስለምንለብሰው በየቀኑ የሚታጠበው ውስጥ ሱሪው ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁምጣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የብስክሌቱን ኮርቻ አስተካክሉ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ሊዘረጋ ይገባል። ከዚያ በእግራችሁ ፊተኛው መዳፍ ስትረግጡ ጉልበታችሁ በመጠኑ ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ብሎ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። በኮርቻ ጥፋት የመጣን ሕመም የትኛውም ቁምጣ አያድነውም።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ።

አንደኛ፣ ጨርቁ። ንጹሕ ጥጥ ለገላ ይመቻል፤ ሆኖም ላብን መጥጦ ይዞ ስለሚቆይ የረጠበው ገላ ከጨርቁ ጋር ሲፋተግ ይላጣል። ናይለንና ፖሊስተር ቀላል ናቸው፣ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ፖሊስተር ግን ሽታ ይይዛል። ስለዚህ ቅልቅል የሆነውን፣ በተለይም ጥቂት በመቶ የሚለጠጥ ክር ያለበትን ምረጡ። ይህ በተለምዶ ላይክራ የምንለው ክር እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት የፈለሰፈው ነው። ጂንስ ግን ስፌቱ ወፍራም ስለሆነ ለኮርቻ አይሆንም። የጨርቁን ጥንካሬ ለማወቅ እጃችሁን ከውስጥ አስገብታችሁ ወጠር አድርጉና ወደ ብርሃን አሳዩት። መዳፋችሁ ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ ስታጎነብሱም ሌላው ነገር ይታያል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስፌቱ። ቁምጣውን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ተራ ቁምጣ ብሽሽቱ ላይ አራት ስፌቶች መስቀልያ ሆነው ይገናኙበታል፤ ሰው የሚቀመጠው ልክ በዚያ ቋጠሮ ላይ ነው። አብዛኛው ቁስል የሚነሣው ከዚህ ነው። ጥሩ የብስክሌት ቁምጣ በዚያ ቦታ ሰፋ ያለ ቁራጭ ጨርቅ ገብቶበት ስፌቶቹ ወደ ጎን የተገፉ ናቸው፤ ስፌታቸውም ዝርግ ነው። ይህን ደግሞ የሰፈር ልብስ ሰፊ ሊሠራው ይችላል። ለሱሪነት ያረጀ፣ ጨርቁ ግን ገና የጠነከረ ሱሪ ካላችሁ ከጉልበት በላይ አስቆርጣችሁ፣ ከተቆረጠው እግር ላይ የብሽሽቱን ቁራጭ ማስገባት ነው። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስፋቱና ቁመቱ። ስትለኩት ቆማችሁ በመስተዋት ማየት ብቻ አይበቃም። ቁጢጥ በሉ፤ ጉልበታችሁን ወደ ደረት አንሡ፤ መሪ እንደያዘ ሰው አጎንብሱ። ጭናችሁን ከያዘ ጠቧል፤ ወገባችሁን ከኋላ ካራቆተ አጥሯል። በጣም ሰፊውም አደጋ አለው፤ ይኸውም መብራት ላይ ቆማችሁ እንደገና ኮርቻው ላይ ስትወጡ የተንጠለጠለው ጨርቅ በኮርቻው አፍንጫ ይያዛል። ከኋላ መኪና እየመጣ ሚዛን መሳት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያሻም። ቁመቱ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆን መልካም ነው።

አራተኛ፣ ወገቡና ኪሱ። ሰፊ ላስቲክና ማሰሪያ ገመድ ያለው ይሻላል፤ የቀበቶ ዘለበት ስናጎነብስ ሆድ ይወጋል። ኪሱ ዚፕ ይኑረው። ቁልፍና ስልክ በፊት ኪስ ይዞ መንዳት ጭን ያቆስላል፤ በኋላ ኪስ ደግሞ ይወድቃል። በጭኑ ጎን ያለ ኪስ ለሁለቱም ይመቻል።

አምስተኛ፣ ቀለሙ። ጥቁርና ቡላ ቀለም እድፍ ይሸሽጋል፤ ነገር ግን ሲመሻሽ ሾፌር አያየውም። ስለዚህ ከኋላ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ አሰፉበት።

ሳልባጅ የምትገዙ ደግሞ ላስቲኩን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ፣ ወይም እንደ ማዕበል ከተሸበሸበ፣ ክሩ ሞቷል፤ ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋነት የሚነሣውን ጥያቄ ሳልነካ አላልፍም። «ልጄ ቁምጣ ለብሳ አደባባይ አትወጣም» የሚሉ ወላጆች በመካከላችን አሉ፤ አሳባቸውም ይከበራል። ነገር ግን ልጅቷን ከብስክሌቱ ማውረድ ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። ሰፋ ያለውን ቁምጣ በታይት ላይ መልበስ ይቻላል፤ እስከ ጉልበት የሚደርስም ማሰፋት ይቻላል። ለአባቶችም ቢሆን፣ የጎጃም ገበሬ በቁምጣው አርሶ፣ በቁምጣው ገበያ ውሎ ይገባል፤ ማንም ነውረኛ አላለውም። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ ወይም ለለቅሶ ቤት ግን ቁምጣ አይሆንም፤ ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ በቦርሳ ይዞ መሄድ ነው።

ወደ አያያዙ ስንመጣ፣ ቁምጣው ላብ ከጠጣ ሳያድር ቢታጠብ ይመረጣል። ዚፑን ዘግታችሁ ገልብጡት፤ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና በሳፋ እሹት። ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁት፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙናም ገላ ያሳክካል። ያለቀለቃችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ለወለል ወይም ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። በረኪና ፈጽሞ አታስጠጉት፤ የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል። ጨርቅ ማለስለሻም ላብ እንዳያልፍ ያደርገዋል። የጋለ ካውያ አያስፈልገውም። ተገልብጦ በጥላ ይሰጣ፤ በክረምት ነፋስ በሚያገኝበት በረንዳ ይዋል፤ እርጥብ ሆኖ ቁምሳጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ሁለት ቁምጣ እያፈራረቀ የሚለብስ ሰው ሁለቱም ይቆዩለታል።

የካቴና ግራሶ ሲነካው በውሃ ለማሸት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ በደረቁ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቡትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ አለቅልቁት። በቤንዚን ማስለቀቅ የለመዳችሁ እባካችሁ ተዉት። ከሰል በሚነድበት ግቢ፣ ሕፃናት ባሉበት፣ ለአንድ ቁምጣ ብሎ ቤት ማቃጠል አለ።

ጨርቁ በመቀመጫው በኩል ሲሳሳ፣ ቀዳዳ ሳይሆን ጣፉት፤ መጣፊያው በውጭ በኩል ይሁን፣ በውስጥ ከሆነ ገላ ይልጣል። የሚለጠጥ ጨርቅ በቀጥታ ስፌት ከተሰፋ ክሩ ቶሎ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊውን በዚግዛግ እንዲሰፋው ንገሩት።

በመጨረሻም ስለ ገላችሁ። ከነዳችሁ በኋላ በላብ አትቀመጡ፤ ታጠቡና አድርቁት። ለሚፋተገው ቦታ ከመንዳት በፊት ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። የተላጠ ነገር ካለ እስኪድን ብስክሌቱ ይረፍ። ቁስሉ ካመረቀዘ፣ ብጉንጅ ከወጣ፣ ወይም ብሽሽት አካባቢ መደንዘዝ ከወረዱ በኋላም ካልለቀቀ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ትንሿንም ቁስል አትናቁ።

እንግዲህ የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ብስክሌት ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነው። እሱን ለማውረድ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አንድ መፍቻ፣ አንድ አሮጌ ሱሪና የልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ልጆቻችሁም ሕመማቸውን ሳያፍሩ እንዲነግሯችሁ በሩን ክፈቱላቸው።