በአባልነት መታሸት ያዋጣልን?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከሩቅ ለሚያየው የባለጸጎች ድሎት ብቻ ይመስለዋል። ቀርቦ የሚመረምረው ግን የደመወዝተኛን ኪስ፥ የታመመን ወገብና የቤተሰብን ዕቅድ የሚነካ ሆኖ ያገኘዋል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን ስፓ ተብለው የሚጠሩ የመታሻና የእንፋሎት ቤቶች ተከፍተዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ደንበኛውን በመጣ ቁጥር ከማስከፈል ሌላ፥ በወር ወይም በዓመት ቁርጥ ገንዘብ ተቀብለው አባል ያደርጉታል። እንግዲህ አባል መሆን ያተርፋልን ወይስ ያከስራል?

ይህን ጥያቄ ያቀረበልን በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልዶ ያደገ፥ አሁን በአዲስ አበባ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጃችን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ትከሻና አንገቱ ይደነዝዛል። እናቱም ሊጠይቁት ከአገር ቤት በመጡ ጊዜ ወገባቸውን እየያዙ ሲነሡና ሲቀመጡ አይቶ እጅግ አዘነ። አንድ ቀን ሁለቱም ታሽተው ሲወጡ፥ ሠራተኛዋ የአባልነት ቅጽ አቀረበችለትና ዛሬውኑ ቢፈርም ዋጋው እንደሚቀነስለት ነገረችው። የተጠየቀው ገንዘብ ለእናቱ ቤት የክረምት ቆርቆሮ ብሎ ያጠራቀመው ነበር። ብዕሩን ሊያነሣ ሲል እናቱ፥ «ልጄ፥ እኔ ከርሞ ከርሞ ወደ አገሬ ተመላሽ ነኝ፤ ይህ ቤት ተከትሎኝ ደብረ ኤልያስ ይመጣልን?» አሉት። ወዳጃችን በዚህ ቃል ተገትቶ ሳይፈርም ወጣ። እኛም ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ምክንያት ሆነን።

በመጀመሪያ፥ ገላን በሙቅ ውሃ መታጠብና መታሸት ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን መኳንንቱ ከተራራው ብርድ እየወረዱ በፍልውሃ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በዚያው ሙቅ ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሙት ይታወቃል። ስለዚህ ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ውሃ ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በገጠርም ቢሆን አራስ ሴት በቅቤ ትታሻለች፤ ወለም ያለውንም እግር ወጌሻ ያሸዋል።

ዛሬ በየስፓው የሚሰጠው መታሸት በብዛት የስዊድን ማሳጅ የሚባለው ነው። ስሙ ከስዊድናዊው ከፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ቢያያዝም፥ ስልቶቹን በየስማቸው ለይቶ ያስፋፋው ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጌኦርግ ሜትስገር እንደ ሆነ የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በእኛም አገር፥ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በውበት ሥራ የቆዩት አቶ ታዲዮስ ጌታቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ቦስተን ዴይ ስፓን፥ በቢሾፍቱም ኩሪፍቱ ሪዞርትና ስፓን በመክፈታቸው ስፓ የሚለውን ቃል ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ሆነዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ መታሸት በእውነት ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ነው። በአሜሪካ ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ በታመሙ 401 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ታትሟል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ለዐሥር ሳምንት ታሹ፤ ሌሎቹ በተለመደው ሕክምና ብቻ ቀጠሉ። የታሹት ሰዎች ሕመማቸው ቀለለላቸው፤ የዕለት ሥራቸውንም በተሻለ ሁኔታ ለመሥራት ቻሉ። ጥቅሙ እስከ ስድስት ወር ድረስ ታይቶ፥ ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ እጅግ አነሰ። ደግሞም ተራው የሚያዝናና አስተሻሸትና ልዩ ስልት አለው የተባለው ሲወዳደሩ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። መታሸት የሚያሳርፍ እንጂ ሕመምን ለዘለዓለም የሚነቅል አይደለም፤ ልዩ ነው ስለ ተባለም ብቻ እጥፍ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለከረመ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሳጅን ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ነገር ግን ብቻውን አላስቀመጠውም፤ ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ እንዲማርና ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ አብሮ መክሯል። እንግዲህ ታሽቶ ወጥቶ እንደ ገና ዐሥር ሰዓት በወንበር ላይ የሚጐብጥ ሰው በአንድ እጁ እየቀዳ በሌላው እጁ እንደሚያፈስ ይቈጠራል።

መታሸት የሚጐዳበትም ጊዜ አለ። ወገብን ከማመም ጋር ትኩሳት፥ ያለ ምክንያት መክሳት፥ የእግር መዛል ወይም ሽንትን መቈጣጠር አለመቻል ቢጨመርበት መሄድ የሚገባው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ መታሻ ቤት አይደለም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ቢሞቅና ቢያም በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ከቶ መታሸት አይገባውም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። የተሰበረ አጥንትንም ማሸትና አጥብቆ ማሰር እግር ወይም እጅ እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪምዋን ሳትጠይቅ ሆድዋን ከመታሸት ትጠንቀቅ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋጋው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለምሳሌ ያህል ለወዳጃችን የቀረበለትን እንውሰድ። ለአንድ ጊዜ መታሸት 1,500 ብር ይከፈላል። አባል የሆነ ሰው ግን በወር 4,000 ብር እየከፈለ እስከ አራት ጊዜ ይታሻል፤ ውሉም የአንድ ዓመት ነው። ጳጉሜን ለጊዜው ትተን በዐሥራ ሁለት ወር ብናበዛው 48,000 ብር ይሆናል። አባሉ አንድም ሳይቀር 48 ጊዜ ቢመጣ፥ በየጊዜው ቢከፍል ኖሮ 72,000 ብር ያወጣ ነበርና 24,000 ብር አተረፈ። በወር ሦስት ጊዜ እየመጣ ሁለት ወር በልቅሶ፥ በሥራ ብዛት ወይም አገር ቤት በመሄድ ቢያልፈው ግን በዓመት 30 ጊዜ ብቻ ታሸ ማለት ነው። ይህም በየጊዜው ቢከፈል 45,000 ብር በሆነ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ዋጋው ይቀነስልኛል ብሎ 3,000 ብር ጨምሮ ከፈለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

«እኔ ግን አልቀርም» የሚል ቢኖር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ያሳተሙትን ያስተውል። እነዚህ ሊቃውንት በአሜሪካ የሦስት የስፖርት ቤቶችን 7,752 አባላት ለሦስት ዓመት መዝገብ እያዩ መረመሩ። ከ70 ዶላር በላይ የሚያስከፍለውን የወር ውል የመረጡት አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ይመጡ ነበር፤ ስለዚህ ለአንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ከፈሉ። በዚያው ቤት የዐሥር ጊዜ ቲኬት ቢገዙ ኖሮ ለአንዱ ቀን የሚወጣው 10 ዶላር ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሒሳብ የማያውቁ አልነበሩም። የተሳሳቱት ነገ የሚሆኑትን ሰው ዛሬ ከሆኑት ሰው ይልቅ ትጉህ አድርገው በመገመታቸው ነው። የመታሻ ቤቱም ቅጽ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ገላችን ሞቆ፥ አሳባችን ረግቶ፥ ሁሉም ነገር መልካም መስሎ በሚታየን ሰዓት ነውና ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ለሦስት ወር በመጣችሁ ቁጥር እየከፈላችሁ ታሹ፤ የሄዳችሁበትንም ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ምልክቶቹን ቈጥራችሁ ከአባልነቱ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ምኞታችሁ የሚነግራችሁን ቁጥር ሳይሆን እግራችሁ የመሰከረውን ቁጥር እመኑ።

ቁጥሩ ለአባልነት ቢፈርድ እንኳ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልታሻችሁበት ወር ወደሚቀጥለው ይተላለፋልን? ብትታመሙ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ብትዛወሩ ውሉ በምን ይፈርሳል፤ የቀረውስ ገንዘብ ይመለሳልን? የተነገረው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራልን? ቅዳሜና እሑድ ቦታ ይገኛልን? የመታሻ ቤቱ ቢዘጋ አስቀድሞ የተከፈለው ምን ይሆናል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ዋጋ ስለ ጠየቀም ብቻ ለመግዛት አይገደድም። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱን በጽሑፍ፥ የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ በእጃችሁ ያዙ።

አባልነት ፈጽሞ አይጠቅምም ማለታችን እንዳይደለ ግን ልብ በሉ። መታሻ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ የሆነለት፥ በየሳምንቱ ቀን ቈርጦ ለብዙ ወራት ያልቀረ፥ ገንዘቡም ከልጅ ትምህርት ወይም ከቤት ኪራይ የማይነሣ ሰው ቢፈርም ትክክል ነው። ይህ ለሌለው ግን አልፎ አልፎ ከፍሎ መታሸት፥ ወይም ወደ ፍልውሃ ሄዶ ለዕለቱ ብቻ ከፍሎ መታጠብ ያለ ምንም ውል ሰውነትን ያሳርፋል።

ወዳጃችን ይህንኑ አደረገ። በመጀመሪያው ወር አራት ጊዜ፥ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፥ በሦስተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ሄደ። ለሰባቱም 10,500 ብር ከፈለ፤ አባል ቢሆን ኖሮ የሦስቱ ወር ዋጋ 12,000 ብር ሆኖ የቀሩት ዘጠኝ ወራት 36,000 ብር ዕዳ ደግሞ ይጠብቀው ነበር። እናቱን ወደ ሐኪም ወሰዳቸው፤ ሐኪሙም መርምሮ የሚያሠጋ ነገር እንደሌለ ነገራቸውና በየቀኑ እንዲራመዱ፥ ከባድ እንስራ እንዳይሸከሙ አዘዘ፤ ቀላል የወገብ እንቅስቃሴም አስተማራቸው። በደብረ ኤልያስ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ማታ ማታ ወገባቸውን በሞቀ ጨርቅ ትይዝላቸዋለች፤ በቀስታም ታሻቸዋለች። የቤታቸውም ቆርቆሮ ክረምቱ ሳይገባ ተመታ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ የደከመ ሰውነት ዕረፍት ይገባዋል፤ ለዕረፍትም ገንዘብ ማውጣት ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን ዕረፍታችንን የምንገዛበት ገንዘብ ራሱ የሌሊት አሳብ እንዳይሆንብን፥ ከመፈረም በፊት መቍጠር ይቅደም።