ትልቅ መኪናና ትንሽ ልጅ

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ልጆች አስተዳደግ አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ፣ የተማሩ ሰዎች በመካከላችን ሞልተው ሳለ ለታክሲ ነጂ እንዲህ ያለ ሥራ ለምን እንደሚሰጥ ጠይቄ ነበር። መልሱ «አንተም እኮ ሳይኮሎጂ ተምረሃል» የሚል ሆነ። እውነት ነው፣ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ በ1993 ዓ.ም. ከትምህርቱም ከአገሩም ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የተማርሁት በአውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ላይ መሪ ተደግፌ ያነበብሁትን ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ከወረፋ ንባብና ከቤቴ መስኮት የተገኘ መሆኑን አውቃችሁ ታገሡኝ። ርእሱ ትልቅ መኪና ነው።

እኔ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ንጋት ላይ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጄ በባዶ እግሩ መስኮቱ ሥር ቆሞ አገኘዋለሁ። ማንም አልቀሰቀሰውም። የቆሻሻ መኪናው ገና ሁለት መንገድ ርቆ ሳለ በድምፁ ያውቀዋል። መኪናው ደጃፋችን ደርሶ የብረት ክንዱን ዘርግቶ በርሜሉን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሣ ልጁ ትንፋሹን ይይዛል፤ በርሜሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ያጨበጭባል። ሹፌሩም ለምዶታል፤ እጁን ያወዛውዝለታል። ይኸው ልጅ አባቱ ለሚነዳት ታክሲ አንድ ቀን እንኳ አጨብጭቦ አያውቅም። «አባትህ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሉት «መተኛት» ይላል። ቀን ቀን የሚያየኝ ተኝቼ ነውና አልፈርድበትም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ትንሽ ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ሁሉም ያነሡታል፣ ያስቀምጡታል፣ ያለብሱታል። ትልቁ መኪና ሲመጣ ግን አባቱም ጭምር መንገድ ይለቃል። ደግሞም ሥራው ግልጽ ነው። ሞላ፣ ተነሣ፣ ተገለበጠ፣ አለቀ። እኛ ወላጆች የምንሠራውን ሥራ ልጅ የት ያየዋል? በር ዘግተን እንወጣለን፣ ደክሞን እንገባለን። የቆሻሻ መኪናው፣ ዶዘሩ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ግን ሥራቸውን በአደባባይ ሠርተው ይሄዳሉ። ይህ ነገር ለወንድ ልጅ ብቻ የሚገባበት ምክንያት ሊታየኝ አልቻለም።

ያም ሆኖ አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ልጁ መኪናዎቹን በምንጣፉ ላይ ሲደረድር አንዱ ጓደኛዬ «ወንድ አይደል!» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እኔስ ትንሽ ሳለሁ መኪና አልወድም ነበር?» ብላ ጠየቀች። «አይ፣ አንቺ አሻንጉሊት ነበር የምትወጂው» አልኋት። እናቷ ስኒ እያጠበች ሳለች ዘወር ብላ፣ «ምነው፣ ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ።

አዎን፣ ረስቼው ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት የገናን በዓል በተከራየነው ምድር ቤት አዳራሽ ስናከብር ለልጆች ስጦታ ታድሎ ነበር። ማሞቂያው ተበላሽቶ ካፖርታችንን እንደ ለበስን የበላንበት በዓል ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የወንዶቹ ስጦታ በሰማያዊ ወረቀት፣ የሴቶቹ በሮዝ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ከጠቅላዮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ አሻንጉሊት ደረሳት። አጠገቧ ለተቀመጠው ልጅ መሰላሉ የሚዘረጋ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ደረሰው። ልጁ መኪናውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ አስቀመጠው፤ እሱን ያማረው የአሻንጉሊቷን ጫማ ማውለቅና መልሶ ማጥለቅ ነበር። ማንም ሳይነግራቸው ተለዋወጡ። ሁለቱም ደስ አላቸው። እኔ ግን ዙሪያውን ስመለከት ሰው ይሥቃል፤ የልጁም አባት ፊቱ ጠቁሯል። ተነሥቼ መኪናውን ከእጇ ወስጄ መለስሁ። «ይሄ የወንድ ነው፤ ያንቺው ያውልሽ» አልኋት። አላለቀሰችም። ቢያንስ ብታለቅስ ኖሮ አልረሳውም ነበር። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ አንሣኝ» እያለች የቆሻሻ መኪና ከመስኮት ታይ የነበረች ልጅ ነበረች፤ መቼ እንደተወችው እንኳ አላስተዋልሁም።

ከዚያ እሑድ በኋላ በወረፋ ላይ ያነበብሁት ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ ሆነ። አንድ ቃል ተናግሮ የሚያሳርፍ መልስ አላገኘሁም፤ ያገኘሁትን ግን ላካፍላችሁ።

በዚሁ በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ በዩኒቨርሲቲው የነበሩ አንዲት ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሦስት ትንንሽ ልጆች አንዱ ገደማ በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ብርቱ ፍቅር እንደሚያድርበት፣ ከነዚህም ውስጥ ወንዶቹ እጅግ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ስለዚህ ጓደኛዬ «ወንድ አይደል!» ሲል ዓይኑ አላታለለውም። ልዩነቱ አለ። ጥያቄው ከየት መጣ ነው።

ከተፈጥሮ ነው የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ጄሪያን አሌክሳንደርና ሜሊሳ ሃይንስ የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በጦጣዎች ላይ ነው። ለጦጣዎቹ ኳስ፣ የፖሊስ መኪና፣ አሻንጉሊት፣ ድስት፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍና የጨርቅ ውሻ አቀረቡላቸው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ በኳሱና በመኪናው ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ ሴቶቹ ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ በአሻንጉሊቱና በድስቱ። ጦጣ ማስታወቂያ አያይም፤ ጎረቤቱም ምን ይለኛል አይልም። በድስቱ ላይ ግን ሣቅሁ። ወጥ ሠርታ የማታውቅ ጦጣ ድስቱን ምን ብላ ወደደችው? ተመራማሪዎቹም ምናልባት ቀይ ቀለሙ ይሆናል ብለው ነበር። ከዚህ የሚከብደው በሰው ልጆች ላይ የተገኘው ነው። በኩላሊት ላይ ያለው ዕጢ በውርስ ችግር ምክንያት፣ ገና በማኅፀን ሳሉ አንድሮጂን የተባለውን ቅመም ከመጠን በላይ የሚያመነጭባቸው ሴቶች ልጆች አሉ። ሃይንስና አንዲት ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1992 እንደጻፉት፣ እነዚህ ልጆች ይህ ችግር ከሌለባቸው የቤተሰባቸው ሴቶች ልጆች ይልቅ በመኪናና በመሳሰለው መጫወት ያዘወትራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወላጆቻቸው እንዲያውም ወደ ሴት መጫወቻ ሊመልሷቸው እንደሚሞክሩ አሳየ። እንግዲህ «ሁሉም ነገር ልማድ ነው» የሚል ሰው ይህን ማለፍ አይችልም። እኔም አላልፈውም።

ነገር ግን ሌላ ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ጥናት ነው። ለእናቶች የማያውቁት የስድስት ወር ሕፃን ይሰጣቸዋል። ሕፃኑ አንዳንዴ የወንድ ልብስ ለብሶ በወንድ ስም፣ አንዳንዴ የሴት ልብስ ለብሶ በሴት ስም ይቀርባል፤ እውነተኛው ጾታው ግን ከልብሱ ጋር ላይገናኝ ይችላል። «ወንድ» ለተባለው መዶሻ የሚመስለውን፣ «ሴት» ለተባለችው አሻንጉሊቱን አስቀድመው ማቅረብ ታየባቸው። እናቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሮዝ ወረቀት እንደ ጠቀለልሁት እንደ እኔ ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ነው፤ ከሠሩትም አንዷ ያችው ሃይንስ ናት። ለሕፃናት የመኪናና የአሻንጉሊት ሥዕል ጎን ለጎን አሳይተው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ለኩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ መኪናውን በዝቶ አዩ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ገና አንድ ዓመት የሆናቸው ወንዶችም ራሳቸው፣ እንደ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ያዩት አሻንጉሊቱን ነበር። ከፍ ያሉት ወንዶች ናቸው ይህን የተዉት። የዚያ የገና ዕለት ልጅ ትዝ አለኝ። የአሻንጉሊቷን ጫማ ሲያወልቅ የነበረውን እርጋታ አባቱም እኔም አላየንለትም። ያን ዕለት የቀማሁት ልጄን ብቻ አልነበረም።

እንደ ገባኝ ከሆነ ተፈጥሮ ጥቂት ያዘነብላል፤ የቀረውን እኛ እንገፋዋለን፤ ከገፋን በኋላ ደግሞ «አላልኋችሁም፣ ተፈጥሮ ነው» እንላለን።

መኪና ራሱስ የማን ነው? ካርል ቤንዝ መኪናውን ሠርቶ ሰው ሳያምነው ሲቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ሚስቱ ቤርታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ነዳችው። የነዳጁ ቱቦ ሲዘጋ በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ዝናብ በመጣ ቁጥር የምናንቀሳቅሰውን የመስተዋት መጥረጊያም እ.ኤ.አ. በ1903 በስሟ ያስመዘገበች አንዲት የአላባማ ሴት፣ ሜሪ አንደርሰን ናት። ይህን ለተሳፋሪ እያወራሁ ብዙ መንገድ አሳጥሬያለሁ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልውሰዳችሁ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በ1977 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት ወደ ወሎ እህል የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ያልፉ ነበር። ምን እንደጫኑ፣ ለማን እንደሚሄዱ እኛ ልጆች የት እናውቃለን? እንቆጥራቸው ነበር። ከኔ ሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቴ ግን አትቆጥርም፤ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ በድምፃቸው ትለያቸዋለች። «ኤንትሬ ነው»፣ «መርቸዲስ ነው፣ ባዶውን ነው» ትላለች፤ ዞረን ስናይ ልክ ናት። እኛ ወንዶቹ ከሽቦ መኪና ሠርተን በቆርኪ ጎማ ስንነዳ እሷ ሽቦውን እንድታጠም የሚፈቅድላት አልነበረም፤ «ሴት ልጅ መንገድ ላይ ምን ትሠራለች?» ተብላ ትጠራለች። ከዚያ ዕቃ ዕቃ፣ ከዚያ እውነተኛው ዕቃ።

እህቴ በኋላ ጅዳ ሄዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ በሰው ቤት ሠራች። በዚያ አገር ሴት እንዳትነዳ የሚከለክለው ነገር የተነሣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ስለሆነ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ከኋላ ወንበር ነበረች። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ሴት ካፒቴን ሆኑ፤ በኅዳር 2015 ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የሆኑበት አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባንኮክ በረረ። እህቴ ይህን ጅዳ ሆና በቴሌቪዥን ማየቷን የነገረችኝ ባለፈው ወር፣ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ደውዬላት ነው። ዛሬ አገር ቤት ናት። «ለመሆኑ የኤንትሬ ድምፅ ትዝ ይልሻል?» አልኋት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ በስልክ ውስጥ፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የሚያሰማውን አሰማችኝ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ «እንደገና በያት» አለችኝ።

ልጄን ስለ ገናው ዕለት ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «ምንም አይደል አባዬ፣ አላስታውሰውም» አለችኝ። እንደማታስታውሰው እርግጠኛ አይደለሁም።

አሁን ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሚመጣው ገና ስጦታው አይጠቅለል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይደርደር፣ ልጆቹ በዕጣ ተራ እየመጡ ይምረጡ። ለገንዘብ ያዣችን ይህን ሳማክራቸው «ወንዶቹ መኪናውን ሁሉ ይጨርሱታል» አሉኝ። ሊሆን ይችላል፤ ያነበብሁትም እንደዚያ እንደሚያዘነብል ይናገራል። እንግዲያው መኪናው ይብዛ። በበኩሌ መሰላል ያላቸው ሁለት የእሳት አደጋ መኪናዎች አመጣለሁ፤ ጫማው የሚወልቅ አሻንጉሊትም እጨምራለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ የያዘውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ አባት ከወንበሩ አይነሣ።