ላሜራን ያለ ብየዳና ያለ ብሎን ስለ ማያያዝ



ሁለት ላሜራዎችን ማያያዝ ሲያስፈልግ አስቀድሞ የሚታሰበን ብየዳ፣ ሪቬት ወይም ብሎን ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ግን ላሜራው ራሱ ማያያዣ ስለሚሆንበት፣ ክሊንቺንግ ስለሚባለው ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተደራረቡት ላሜራዎች በወንዴና በሴቴ ቅርጽ መካከል ይቀመጣሉ። ወንዴው በኃይል ሲጫናቸው ሁለቱም ወደ ሴቴው ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ ወለሉን ሲነኩም ብረቱ ወደ ጎን ይሰፋና የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይቆለፋል።

ጥቅሙ በተለይ ዚንክ በተለበጠ ላሜራ ላይ ይታያል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የላሜራው ብረት የሚቀልጠው ግን ከ1400 ዲግሪ በላይ ነው። ስለሆነም ብየዳ ልባጡን ያቃጥላል፤ ጢሱም የበያጁን ጤና ይጎዳል። በክሊንቺንግ እሳት ስለሌለ ልባጡ በአብዛኛው ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ዘዴው በሁሉም ቦታ ብየዳን ይተካል ማለት አይደለም። አንድ የተቆለፈ ነጥብ በቀጥታ ሲሳብ የሚችለው ጭነት፣ እንደ ደንቡ፣ ከአንድ የነጥብ ብየዳ ያነሰ ነው። በቀላሉ የማይለጠጥ ብረት ይሰነጠቃል። መሣሪያውም ከሁለቱም ወገን መድረስ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ቁጥጥሩ ነው። ተገቢው የነጥቡ ወለል ውፍረት ናሙናዎችን በመሳብና በመቁረጥ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ሳይፈርስ ውፍረቱን በመለካት ብቻ ይመረመራል። የቅርጾቹን መሰንጠቅና መበላት ግን መለኪያው ብቻውን አያሳይምና ዓይንም ይታከልበት። እንግዲህ ማሽኑን የሚገዛ ድርጅት፣ የሚለካና መዝግቦ የሚይዝ ሠራተኛ አብሮ ካላዘጋጀ፣ ከውጭ ሲታይ ያማረ፣ በጭነት ጊዜ ግን የሚላቀቅ ሥራ ለሕዝብ ያቀርባል።